ተጠንቀቁ፦ «ሶፍትዌሩ ነው» እያሉ ፎርጅድ ግራፊክስ ካርድ የሚሸጡ ሱቆች

ያገለገለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ (የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ) ልትገዙ ያሰባችሁ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም፤ ቃሌ ሻከር ካለ ይቅር በሉኝ።

ሱቁን ስሙን ባልጠራውም ታውቁታላችሁ። ፎቅ ላይ፣ በቆሙ ኬዞች የተጣበበ ኮሪደር ውስጥ ያለች፣ «ኦሪጅናል ነው ብሮ፣ ከዱባይ የገባ ነው» የምትል ዓይነት ናት። ሥርዓቱም ያው ነው። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ይሰኩታል፣ የዊንዶውስን የዕቃ ዝርዝር፣ ዲቫይስ ማኔጀርን፣ ከፍተው ስሙን ያሳዩሃል፣ አንድ ጌም ዝቅተኛው ሴቲንግ ላይ ለሁለት ደቂቃ ያስነኩሃል፣ ከዚያ ፕላስቲክ፣ ካርቶን፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት። ወረቀቱ ላይ «ግራፊክስ ካርድ 1» ይላል፤ ሞዴል የለ፣ ሲሪያል የለ። ግድግዳው ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።

1050 ቲአይ የሚፈለግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፊፋ 23ም ሆነ ኤፍሲ 24 ዝቅተኛ መስፈርታቸው ላይ ስሙን ጠርተው ያስቀመጡት ካርድ ነው። ኳስ የሚወድ ልጅ ሁሉ እሱን ይጠይቃል፣ ፎርጅዱም እሱኑ ተከትሎ ይመጣል።

ታናሽ ወንድሜ የገዛው ካርድ ጂፎርስ ኤክስፒሪየንስ ላይ (የጌም ሴቲንግ ለካርዱ እንዲስማማ የሚያስተካክለው የኤንቪዲያ ፕሮግራም) «ኦፕቲማይዝ» ሲባል እምቢ አለ። ሴቲንጉን ማግኘት አልቻልኩም፣ ቆይታችሁ ሞክሩ ይላል። ጌሙ ተከፍቶ ትንሽ እንደቆየ ሣሩ ላይ ቀለም ይበተናል፣ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁራል። ይዘንላቸው ሄድን። ቴክኒሻኑ ካርዱን ሳይነካ «ሶፍትዌሩ ነው፤ ይስተካከላል፣ 1,500 ብር» አለ። ለሸጠው ዕቃ።

የሠራውን በደንብ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ክህደቱ እዚያ ላይ ነው። ጌሙ ዶክመንትስ ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጣትን የሴቲንግ ፋይል በኖትፓድ ከፈተ። 1920 በ1080 የሚለውን 1280 በ720 አደረገው፤ የጥራት ቁጥሮቹን ሁሉ ወደ ታች ጣላቸው። ሴቭ አደረገ። ከዚያ ፋይሉን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ሪድ ኦንሊ» ላይ ምልክት፣ አፕላይ። «ጨርሻለሁ» ብሎ ወንበሩን ገፋ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ጥገና ይመስላል። ጂፎርስ ኤክስፒሪየንስ የሚሠራው ግን እንዲህ ነው፦ ካርዱን፣ ፕሮሰሰሩንና የስክሪኑን ሬዞሉሽን ያያል፣ ከኤንቪዲያ ሰርቨር ለዚያ ጥምረት የሚስማማውን ሴቲንግ ያወርዳል፣ ያንን ሄዶ የሚጽፈው እዚያችው ፋይል ላይ ነው። ፋይሏ «ሪድ ኦንሊ» ከሆነች የሚጽፍበት ቦታ የለም። ሰውየው በሩን አስተካክልልን ብንለው በሚስማር መታው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ኦፕቲማይዝ ባይሠራ «ያው ሶፍትዌሩ ነው» ይላል፤ ጌሙ ደግሞ ምስሉ ስለቀለለ ለጥቂት ጊዜ ይሮጥለታል። ቴክኒሻን የሚባል ሰው ይህን ሳያውቅ አያደርገውም።

ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን፣ የካርዱን ቺፕ ማንነት የሚያሳየውን ፕሮግራም ክፈትልን አልነው። ነፃ ነው፣ መጫን እንኳ አያስፈልገውም፣ ከፍላሽ ላይ ይከፈታል። ፊቱ ተቀየረ። «ጌም ለመጫወት ነው የገዛችሁት ወይስ ለምርመራ?» አለ፣ ለባልደረባው እየሳቀ። በግድ ተከፈተ። የኤንቪዲያ አርማ በሚወጣበት ቦታ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን፤ ከካርዱ ስም ፊት ደግሞ በቅንፍ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «ፌክ»። የቺፑ ስም ጂኤፍ116። ሁላችንም አየነው። ቴክኒሻኑ እጁን ዘርግቶ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ተጭኖ ያዘው፣ ስክሪኑ እስኪጠፋ ድረስ አልለቀቀም። «ይሄ ሶፍትዌር ቫይረስ አለው፤ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር አናስከፍትም» አለ። ባለቤቱ ስልኩ ላይ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየን።

ጂኤፍ116 ማለት በ2011 የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ውስጥ ያለው ቺፕ ነው። 192 ኮር፣ 40 ናኖሜትር፣ በብዛት 1 ጊጋ ሜሞሪ። በጥቅምት 2016 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው እውነተኛው 1050 ቲአይ ጂፒ107 ነው፤ 768 ኮር፣ 14 ናኖሜትር፣ 4 ጊጋ። አሮጌውን ካርድ አንስተው ባዮሱን (ካርዱ ማንነቱን የሚናገርበትን የውስጥ ፕሮግራም) በሌላ ይጽፉበታል፤ ስሙም የሜሞሪው መጠንም ውሸት ይሆናል። ዊንዶውስ የተነገረውን ስም ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ያያችሁት ስም ምንም ማስረጃ አይደለም። ጌሙ 4 ጊጋ አለ ብሎ አምኖ ሲጭን ከ1 ጊጋ በላይ ያለው መረጃ የሚያርፍበት የለውም። የቀለሙ መበተንና የስክሪኑ መጥቆር ከዚያ ነው የሚመጣው።

ከሱቁ በፍላሽ የሚሰጧችሁ ድራይቨርም (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ያለ ምክንያት አይደለም። ኤንቪዲያ ለፌርሚ ትውልድ (ጂኤፍ116 ያለበት ትውልድ) የጌም ድራይቨር ማውጣት ያቆመው ሚያዝያ 2018 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከኤንቪዲያ ገጽ ያወረዳችሁትን አዲስ ድራይቨር ስትጭኑ ወይ አልገባም ይላል ወይ ኮድ 43 የሚባለውን የዊንዶውስ ስህተት ያወጣል፤ «የኛን ተጠቀሙ፣ አፕዴት አታድርጉ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ካርዱ እውነተኛ ሆኖ ኦፕቲማይዝ እምቢ የሚልበት ጊዜም አለ፤ ለእሱ ማንም 1,500 ብር አይገባውም። ጌሙ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ካልተዘጋ የሴቲንግ ፋይሉ ገና አልተፈጠረም። ጌሙ እየሠራ ከሆነ ዝጉት። «ሪድ ኦንሊ» ምልክት ካለ አንሱት። ዋንድራይቭ የዶክመንትስ ፎልደርን ወደ ራሱ ወስዶት ከሆነ ፕሮግራሙ ፋይሉን የድሮ ቦታው ላይ ሲፈልግ ያጣዋል። የዊንዶውስ ዲፌንደር «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» በርቶ ከሆነ ደግሞ መጻፍ ይከለክላል፤ ለፕሮግራሙ ፈቃድ ስጡት። ክራክ የሆነ ጌም ብዙ ጊዜ የፕሮግራሙ የጌም ዝርዝር ውስጥም አይገባም፤ እሱን በእጅ ማስተካከል ነው። ጂፎርስ ኤክስፒሪየንስ ራሱ ከኅዳር 2024 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ በኤንቪዲያ አፕ ስለተተካ አሮጌውን አውጥታችሁ አዲሱን ጫኑ።

ለመግዛት የምትሄዱ፦ ጂፒዩ-ዚን በራሳችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከ2.12.0 ወዲህ ያለው ቨርዥን ይሁን፣ ፎርጅድ መለየት የጀመረው በእሱ ነው። የካርዱን ጀርባ እዩ። 1050 ቲአይ ያለበት የፓስካል ትውልድ ቺፕ የአናሎግ ምልክት አያወጣም፤ 1050 ቲአይ በተባለ ካርድ ላይ ሰማያዊ ቪጂኤ ሶኬት ካያችሁ ጠርጥሩ። ስድስት ፒን የኃይል መሰኪያ መኖሩ ግን ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፣ አንዳንድ እውነተኛ 1050 ቲአይም አለው። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉንና ሲሪያሉን አስጽፉ።

የገዛችሁት ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ጂፒዩ-ዚን ከፍታችሁ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ፣ የካርዱን ሲሪያልም አብራችሁ። ወደ ሱቁ ስትመልሱት «ጥላችሁልን ሂዱ፣ ነገ እናየዋለን» ይሏችኋል። ካርዱን ትታችሁ አትውጡ፤ ነገ ስትመጡ ከዚህ የባሰ ሌላ ካርድ አውጥተው «የናንተ ይሄ ነው» ቢሏችሁ በእጃችሁ ያለው ያቺ «ግራፊክስ ካርድ 1» የምትል ወረቀት ብቻ ናት።