ስድስት ኪሎ ሙዚየም፦ የበገናውን ሆድ ዕቃ ያየንበት ጉብኝት

ከክላስ ልጆች ጋር የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ሙዚየም አየን፤ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴን መኝታ ቤት ቶሎ አለፍነው፤ የመጣነው ለሙዚቃ መሣሪያዎቹ ነዋ!

ባለሙያዋ ወደ ውስጥ አስገብታን በገናውን በጓንት ይዛ ጠጋ አድርጋ አሳየችን። አሥሩ አውታር ከበግ አንጀት የተገመደ ነው። አውታሮቹን ከታች ደግፎ በሚይዘው እንጨት፣ በበርኩማው ላይ፣ በየአውታሩ ሥር፣ ጥፍር የምታክል ቁራጭ ቆዳ አለች፤ እንዚራ ይሏታል። ያ ደረት የሚነዝር ድምፅ ለካ ከእሷ ነው! ትንሽ ፈቀቅ ካለች አውታሩ ጭል ይላል፣ ነዘራው የለም። ይህን ከመስታወት ውጭ ሆኖ ማን ያስተውላል?

ማሲንቆውንም አየን፤ አውታሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ። ለሙዚቃ ተማሪ ከአምስት አምስት ሰጥቻለሁ። ብዙ ከሆናችሁ ግን ለሁለት ተከፍላችሁ ግቡ፤ እኛ ከኋላ የቆምነው ክራሩን በሰው ትከሻ ላይ ነው ያየነው።