ቱርቦ መኪና ያላችሁ የጎጃም ሰዎች፣ ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት እኚህን ሰው አማክሩ

ይህን የምጽፈው ለምስጋና ነው፤ ለጥቆማም ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ሉማሜ፣ ቢቸና፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ፣ መኪናችሁ ቱርቦ ካለው እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የእኛ መኪና ተነሳች! ሞተሯ ወርዶ፣ ተፈታትቶ፣ ታጥቦ፣ ተጠግኖ፣ ተመልሶ ተገጠመና እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ተነሳች። ዛሬ እህል ጭና ትሄዳለች። ጭስ የለ፣ ፉጨት የለ፣ በየቀኑ ዘይት መጨመር የለ። ይህን ያደረጉልን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳልለጥፍ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ነው የምሰጣችሁ። እኛ ቤት ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው።

መኪናዋ ዲፎርዲ የሚሏት ቶዮታ ፒክአፕ ናት፣ የናፍጣ፣ ባለ 3,000 ሲሲ፣ ከነቱርቦዋ። የአባቴ ናት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ የራሱን ገዛ። ሊብሬው ላይ ስሙን ያየ ዕለት ደጋግሞ ሲያነበው ነበር ያመሸው። እሱ ካረፈ በኋላ ታናሽ ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ ሒሳቡንና ጭነቱን እይዛለሁ። ከገበሬው ጤፍና ስንዴ እየሰበሰብን ለነጋዴ እናደርሳለን። ቤታችን የሚበላው ከእሷ ነው።

አባቴ ቱርቦ ያላትን የመረጠው እንዲሁ አልነበረም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ወደ ጮቄ ተራራ ስትጠጉ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። አየሩ ስስ ነው፣ ተራ ሞተር እዚህ አቅም ያጥረዋል። ቱርቦው ግን ሞተሩ በሚተፋው ጭስ እየተሽከረከረ አየር አምቆ ለሞተሩ ይሰጠዋል። ጭነት ይዞ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ልዩነቱን አይስተውም። ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው የሚወጣው። አባቴ እዚያ ዳገት ላይ ነበር በመኪናዋ የሚኮራው።

እዚያው ዳገት ላይ ነው ታዲያ ጉልበቷ የከዳት። መጀመሪያ ፉጨት ነበር የሚሰማው። ቀጥሎ ሰማያዊ ጭስ መጣ። ከዚያ ባዶዋን እንኳ ዳገት አልወጣ አለች።

የወሰድናት ቦታ ሁሉ ስም አይጠራም፤ ሆድ ይፍጀው። የደረሰብንን ግን እናገራለሁ። አንደኛው ቦታ ኮፈኑን ሳይከፍቱ ነው «ቱርቦው ሞቷል» ያሉን። ከፈልን፣ ተቀየረ፣ ደስ ብሎን ወጣን። ብዙም ሳንቆይ ያው ፉጨት፣ ያው ጭስ። ተመልሰን ስንሄድ «የነዳችሁበት መንገድ ነው» ተባልን። ሌላ ቦታ ወሰድናት። እዚያም ቱርቦ ተቀየረ። የወጣውን ዕቃ ስጡኝ ብል በግድ ነው የሰጡኝ። ለምን እንደሚበላሽ ስጠይቅ ሰውየው ዞሮ ለወንድሜ ይመልሳል። ጠያቂዋ እኔ፣ ከፋይዋ እኔ፣ መልሱ ለእሱ! አንዴማ «አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ስለ ሞተርማ አላውቅም። ስለ ብሩ ግን አውቃለሁ። አረብ አገር የሰው ቤት ከምትሠራው እህቴ ነው የመጣው። እሷ እንቅልፍ አጥታ ያጠራቀመችው ነው። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

የዕቃ ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመለዋወጫ ሱቅ መግባት ያስፈራል። አንድ ቱርቦ መግዛት ማለት ለእኛ ዓይነቱ ቤት ትልቅ ነገር ነው። በመጨረሻ የወሰድናት ቦታ «ሞተሩ አልቆለታል፣ መኪናዋን እንዳለች እንግዛችሁ» አሉን። ያቀረቡትን ዋጋ ለእናቴ አልነገርኳትም። ወሽመጤ ቁርጥ አለ። መኪናዋን አስጎትተን ግቢ አስገባናት፤ ከእንግዲህ ጋራዥ የሚባል ደጅ አልረግጥም አልኩ።

ጋሼን የነገረን የአባቴ የድሮ ጓደኛ ነው፣ እሱም ሹፌር። «ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ ግን አይቸኩሉም» አለን። በነጋታው ማለዳ አንዲት ያረጀች የመሣሪያ ሣጥን ይዘው መጡ። ሣጥኗን አልከፈቷትም። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ጠየቁን። ጭሱ መቼ ነው የሚበዛው? ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ነው የምትቀይሩት? ከዚህ በፊት ሞተሩን ማን ከፈተው? እኔን እያዩ ጠየቁኝ፣ እኔን እያዩ ሰሙኝ። ከዚያ «የወጣው ቱርቦ አለ?» አሉ። ያንን በግድ የተቀበልኩትን አመጣሁላቸው። መሐሉን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው አወዛወዙት። «ልጄ፣ ይሄ በዘይት ጥም ነው የሞተው። አዲስ ብትገዢም ይሞታል። መጀመሪያ ያስጠማውን እንፈልግ» አሉኝ።

ስንት ቦታ ዞረን ይህችን አንዲት ቃል የነገረን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በሞያ ቋንቋ ልነግራችሁ አልችልም። ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። ወንድሜና የሰፈር ልጆች ወፍራም ወፍራም ባሕር ዛፍ አቁመው የሰንሰለት ማንሻ አንጠለጠሉ፤ ሞተሩ በዚያ ወረደ። ከመፈታቱ በፊት ጋሼ ግቢውን ውኃ አስረጩት። እናቴን «እትዬ፣ ይህ ሞተር ተከፍቶ ሳለ እባክዎ ግቢ ውስጥ ጤፍ አይነፋ» አሏት። አቧራ ጠላታቸው ነው። እናቴም ወንፊቷን ይዛ ጎረቤት ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዚያ ጥግ የሚጠጋ ሕፃን እንኳ አልነበረም፤ እሷ ራሷ ናት የምትጠብቀው።

እያንዳንዱ ቡሎን የወጣበት ቦታ በካርቶን ላይ ይሳልና እዚያው ሥዕሉ ላይ ይሰካል። ዕቃው ሁሉ ታጥቦ ንጹሕ ጨርቅ ላይ በተራ ይደረደራል። ማታ ሲሄዱ በላስቲክ ይሸፍኑታል። እኛ የምናውቀው ቡሎኑ ሁሉ አንድ ጣሳ ውስጥ ሲወረወር ነበር።

አሁን የማልረሳውን ልንገራችሁ። የሞተሩን ሆድ ከፍተው ዘይት የሚስብባትን ትንሽ ወንፊት አወጡ። ነጭ ሳህን አምጡ አሉ። እናቴ የሽሮ መብያ ሳህኗን አመጣች። ጋሼ ወንፊቷን ሳህኑ ላይ ገልብጠው ቀስ ብለው በካቻቢቴ ጫፍ መቷት። ቀይ ቀይ ቁርጥራጭ ወረደ፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ። ከእሱ ጋር ጥቁር ጭቃ። ቀዩ ለካ ማሸጊያ ሲሊኮን ነው። ከዚህ በፊት ሞተሩን የከፈተ ሰው ያለ ልክ ቀብቶት፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ተቆራርጦ ወንፊቷን ደፍኗታል። ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ አለ፤ ወደ ላይ ግን በቅጡ አይደርስም። ቱርቦው ደግሞ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር ነገር ነው። በስስ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚኖረው። ዘይት ትንሽ ካጣ አለቀለት።

ሳህኑን ለእናቴ ሰጧት። «እትዬ፣ ስትከፍሉ የኖራችሁት ለዚህ ነው» አሏት። እናቴ ሳህኑን ይዛ ብዙ ቆመች። ምንም አላለችም። ሁሉም ነገር ቱርቦው ነው ተብሎ የተቀየረው፣ ያ ሁሉ የልጇ ላብ፣ በአንዲት የተደፈነች ወንፊት ምክንያት ነበር። እዚያ ድረስ ከፍቶ ያየ ሰው አልነበረም።

ደግነታቸው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። እህቴ ለአዲስ ቱርቦ የሚሆን ብር በድጋሚ ልካልን ነበር። እኔም አዘጋጅቼ አቀረብኩላቸው። ጋሼ የመጨረሻውን ቱርቦ አውጥተው፣ አጥበው፣ በብርሃን አገላብጠው አዩት። ገና አልተጎዳም፤ ብዙ ሳትሄድ ስለቆመች ተርፏል። «ይሄ ይሠራል። ይህን ብር ለልጅቷ መልሱላት» አሉ። ቱርቦ መቀየር አለበት ቢሉን ማን ይከራከራቸው ነበር? ለምደነዋል እኮ! እሳቸው ግን የማትታይ፣ የማያውቋት፣ ባሕር ማዶ ላለች ልጅ አሰቡላት። ለእህቴ ደውዬ ስነግራት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ እጃቸው ይባረክ።

የተጎዱት ኩሽኔታዎች ግን መቀየር ነበረባቸው። ቴስታታው፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ እና ዋናው የሞተር ዘንግ ለልኬትና ለማስተካከል ባሕር ዳር ቶርኖ ቤት ሄዱ። መንገዱ በዚህ ዘመን እንደ ልብ ስላልሆነ ዕቃው ቆየብን። ጋሼ በመሐል እየመጡ ሽፋኑን ገልጠው አይተው፣ ቡና ጠጥተው ይሄዱ ነበር። ለዚያ አልጠየቁንም።

የተነሳች ቀን ሰፈሩ ሁሉ ግቢያችን ነበር። ወንድሜ ቁልፉን ሊያዞር ቸኩሏል። ጋሼ «ቆይ!» አሉ። በመርፌ መውጊያ ሲሪንጅ ዘይት ቀድተው ቱርቦው አፍ ውስጥ ጠብ ጠብ አደረጉ። ከዚያ ናፍጣው እንዳይሄድ ከልክለው ሞተሩን ደጋግመው አስዞሩት፣ ዘይቱ ወደ ሁሉም ቦታ ይድረስ ብለው። «ጠጥቶ ነው ሥራ የሚጀምረው» አሉ። ቀጥሎ አስነሱ። ተነሳች! እናቴ እልል አለች። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው ዝም ብለው አዳመጡ። ፊታቸው ሲፈታ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

ሲሄዱም ዝም ብለው አልሄዱም። ወንድሜን አስቀምጠው አስተማሩት። የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነት አትጫን፣ ሞተሩን አታስጩኸው፣ ከዚያ ዘይቱን ከነማጣሪያው ቀይረው። ከዚያ በኋላ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት፣ አንድም ቀን አይለፍ። ጠዋት አስነስተህ ወዲያው አትንዳ። ዳገት ወጥተህ ስትቆም ደግሞ ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ፤ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ባለበት ይሥራ፣ ቱርቦው ጋል ብሎ ሳለ ዘይቱ አይቋረጥበት። አሁን ወንድሜ ደጀን ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው የሚያርፈው። ተሳፋሪ ቢቸኩል እንኳ አይሰማም። ቱርቦ መኪና ያላችሁ ሁሉ ይህችን ምክር ያዙልኝ፤ በነፃ ናት።

ግልጹን ለመናገር ጋሼ ለሚቸኩል ሰው አይሆኑም። እሑድና በማርያም ቀን ቁልፍ አይነኩም። ርካሽ ዘይት ገዝታችሁ ብትጠብቋቸው ይመልሱላችኋል። ሲሠሩ ስልክ አያነሱም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ወድጄላቸዋለሁ። ሦስት ሰው ያበላሸውን የሚያስተካክል ሰው መቸኮል የለበትም። የጠየቁትም ዋጋ ለሠሩት ሥራ አንሶብን ነበር፤ ጨምረን ስንሰጣቸው ትርፉን መለሱልን። እናቴ በመጨረሻ ማር በሰፌድ ይዛ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ነው በግድ ያስቀበለቻቸው።

እባካችሁ፣ ፉጨት የሰማችሁ፣ ሰማያዊ ጭስ ያያችሁ፣ «ቱርቦው ሞቷል» የተባላችሁ፣ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ለጋሼ አሳዩ። የወጣውን ዕቃ ከጋራዡ ሳትቀበሉ አትውጡ፤ እሳቸው ከእሱ ብዙ ያነብባሉ። ፒክአፕም ይሁን ሚኒባስ ወይም የቤት መኪና ያያሉ። ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ከሆናችሁ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ራቅ ካላችሁ ግን ማጓጓዣቸውን መቻል አለባችሁ።

ክረምት ሲገባ ግቢ ውስጥ ሞተር መክፈት አይወዱም፣ ከዝናቡ በፊት ቀጠሮ ያዙ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የመኪናችሁን ዓይነት፣ ምን ድምፅ እንደምታሰማ፣ ዘይት መጨረሻ መቼ እንደተቀየረ ጨምሩበት፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ማታ ማታ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።