ከመሬት በታች ሰው ይዛችሁ የምትገቡ ከሆነ፣ እኚህን አሰልጣኝ ፈልጉ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። በዚያውም ለመጠቆም። የመሬት ውስጥ የምርምር ጣቢያዎችን ለጎብኚ የሚያሳዩ አስጎብኚዎችን ያሰለጥናሉ። እኔም ከሰልጣኞቻቸው አንዱ ነኝ። ስማቸውን እዚህ አላወጣም፤ አደባባይ መውጣት የሚወዱ ሰው አይደሉም። የምር የሚፈልጋቸው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

ሥራው ለብዙ ሰው እንግዳ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። የፊዚክስ ሰዎች ላቦራቶሪያቸውን መሬት ውስጥ የሚቀብሩት ለጉራ አይደለም። ከሕዋ ሌት ተቀን የሚወርድብን ኮስሚክ ጨረር አለ። እንደ ኒውትሪኖ ያለ በቀላሉ የማይያዝ ቅንጣት ለመለካት ያ ጨረር መጋረድ አለበት። ለዚህ ደግሞ ከዓለት የተሻለ መጋረጃ የለም። ጣሊያን ውስጥ ግራን ሳሶ በሚባለው ተራራ ሥር ያለው ላቦራቶሪ 1,400 ሜትር ዓለት ተሸክሟል። መግቢያው የአውራ ጎዳና ዋሻ ውስጥ ነው። የካናዳው ስኖላብ በሥራ ላይ ባለ የኒኬል ማዕድን ማውጫ ውስጥ፣ 2 ኪሎ ሜትር ወደ ታች ወርዶ ነው ያለው። የጃፓኑ ሱፐር ካሚዮካንዴ ተራራ ሥር 50,000 ቶን ውሃ ይዟል። ጄኔቫ አጠገብ ያለው የሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል) ትልቁ ቅንጣት ማፋጠኛም፣ ዋና ምክንያቱ ኮስሚክ ጨረር ባይሆንም፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር በሆነ ዋሻ ውስጥ፣ በአማካይ 100 ሜትር ጥልቀት ላይ ተቀምጧል።

ከእነዚህ ቦታዎች ብዙዎቹ እንግዳ ይቀበላሉ። ተማሪ ይመጣል፣ ባለሥልጣን ይመጣል፣ እናቱን ይዞ የሚመጣም አለ። ችግሩ፣ ቦታው ለእንግዳ ተብሎ አልተሠራም። የተሠራው ለማሽን ነው። መውጫው ሩቅ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው። ስልክ ላይሠራ ይችላል። አንድ ነገር ቢፈጠር በዚያች ደቂቃ ቡድኑ ያለው ሰው አስጎብኚው ብቻ ነው።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ የወሰድኩት ስልጠና ስላይድ ነበር። ከስላይዱ በኋላ ፊርማ። ከፊርማው በኋላ ሄልሜት። አለቀ። እኚህ ሰው ግን ዕድሜያቸውን የገፉት በአየር ማናፈሻና በድንገተኛ አደጋ ሥራ ላይ ነው፤ ማስተማሩ የመጣው ኋላ ነው። ያስታውቃል።

የመጀመሪያው ቀን ሄልሜት እንኳ አልሰጡንም። ቁጭ አደረጉንና «እስኪ፣ ጎብኚን ምን ሊጎዳው ይችላል?» ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ባንድ አፍ «ጨረር!» አልን። ሳቁ። «ልጆቼ፣ ጨረሩ ጋ ሳይደርስ ደረጃው ይጥለዋል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አንገቱን ሰቅሎ የሚያይ ሰው እግሩን አያይም። አትላስ የሚባለው የሰርን ዲቴክተር (ቅንጣቶችን የሚመዘግብ መሣሪያ) 46 ሜትር ርዝመትና 25 ሜትር ቁመት አለው። እንዲህ ያለ ነገር ፊት የቆመ ሰው መሬት መሬት ያያል ብላችሁ ነው? ስለዚህ ሕጋቸው አጭር ነበረች። ስትሄዱ አታውሩ፣ ስታወሩ አትሂዱ። ጥሩ ጥሩውን ወሬ ቆማችሁ፣ ጀርባችሁን ለመሣሪያው ሰጥታችሁ፣ የሰዉን ፊት እያያችሁ ንገሩ። ስትጨርሱ «አሁን ወደ እግራችሁ» በሉና ቀጥሉ። ወደ ኋላ እየተራመዱ ማስጎብኘት እሳቸው ጋ አይታሰብም። የሚቆምበትንም ቦታ ያስመርጡናል። የማናፈሻው ድምፅ በሚጮህበት ቦታ ብትለፈልፍ የኋላው ሰው ለመስማት ይጠጋል፣ ሲጠጋ ይገፋፋል፣ ሲገፋፋ ደግሞ አንዱ ከመተላለፊያው ይወጣል።

ጋዝ ላይ ግን ጊዜ ወሰዱ። ደግ አደረጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅንጣቶቹን የሚመሩትን ትልልቅ ማግኔቶች ለማቀዝቀዝ ፈሳሽ ሄሊየም ያስፈልጋል። የሰርኑ ማፋጠኛ ማግኔቶች የሚሠሩት ከዜሮ በታች 271.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። ፈሳሽ አርጎን ወይም ናይትሮጅን የሚጠቀሙ ጣቢያዎችም አሉ። አንድ ሊትር ፈሳሽ ሄሊየም ወደ ክፍል ሙቀት ሲመለስ ከ700 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ መርዝ አይደለም። አይሸትም፣ አያቃጥልም። የሚሠራው ነገር ቢኖር አየሩን ገፍቶ ቦታውን መውሰድ ነው። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ያ እየቀነሰ ሲሄድ ሰው ይወድቃል።

አፋችንን ከፍተን የሰማነው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሰው ሲታፈን የሚያስጨንቀው በዋናነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው። ሄሊየም ውስጥ ያለ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እንደወትሮው ያወጣዋል። ስለዚህ ጭንቀት የለ፣ እፍን ማለት የለ። ራሱን ቀለል ሊለው ይችላል። ከዚያ መሬት ላይ ነው። ጋዙ በጣም ከበዛ ደግሞ ራስ ማዞሩ ራሱ ላይኖር ይችላል። «አፍንጫችሁን አትመኑ፤ አላርሙን እመኑ» አሉን።

ቀጠሉ። ወድቆ ያያችሁትን ላንሳ ብላችሁ ከሮጣችሁ፣ ሁለተኛው ወዳቂ እናንተ ናችሁ። የቀሩትን ይዛችሁ ውጡ፣ ጥሪ አድርጉ፣ መተንፈሻ የታጠቀ ሰው ይገባለታል። ይህን መስማት ከባድ ነው። አንዷ ባልደረባችን አላስቻላትም። «እንዴት ትቼው እወጣለሁ?» አለች።

«የቀሩትን ማን ያወጣልሻል?» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ደግሞ ጋዝ ሁሉ አንድ አይደለም። ሄሊየም ቀላል ነው፣ ወደ ጣሪያ ይወጣል። አርጎን ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓድና ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይተኛል። ገና የቀዘቀዘ ናይትሮጅንም ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። ለአንዱ ጎንበስ ብሎ መውጣት ይረዳል። ለሌላው ጎንበስ ማለት ራስን ጋዙ ውስጥ መንከር ነው። ጣቢያው ምን እንደሚጠቀም የማያውቅ አስጎብኚ በቅን ልቦና ሰው ሊያስገድል ይችላል።

የሊፍቱም ነገር እንዲሁ ነው። «እሳት ሲነሳ ሊፍት አትጠቀሙ» እየተባልን ነው ያደግነው። በሰርኑ የማፋጠኛ ዋሻ ግን ማምለጫው ሊፍቱ ነው። ሊፍቱ ያለበት ክፍል የአየር ግፊቱ ከዋሻው ከፍ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ጭስም ጋዝም እንዳይገባበት። በሌላ ቦታ ይህን ብታደርጉ ጭስ ውስጥ ተዘግቶባችሁ ትቀራላችሁ። አሰልጣኛችን ይህን ያነሱት ለወሬ ማድመቂያ አልነበረም። ከሌላ ጣቢያ የመጣን ሰልጣኞች ስለነበርን ነው። «የድሮ ቤታችሁን ደንብ በር ላይ ጥላችሁ ግቡ» አሉን።

እ.ኤ.አ. መስከረም 2008 ሰርን ላይ የደረሰውንም ነገሩን። ሁለት ማግኔቶችን የሚያገናኝ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ተበላሸና ብዙ ቶን ሄሊየም ዋሻው ውስጥ ተለቀቀ። ግፊቱ ከባባዶቹን ማግኔቶች ከቦታቸው አንቀሳቀሳቸው። ማፋጠኛው ዳግም ሥራ የጀመረው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2009 ነው። ሰው ግን አልተጎዳም፤ ማግኔቶቹ ኃይል ሲሰጣቸው ዋሻው ውስጥ ሰው አይኖርምና። ታሪኩን የነገሩን ለማስፈራራት አይደለም። ትልቅ እንግዳ መጥቶ «አንዴ ብቻ ብቅ ብለን እንመለስ» ሲል ምን እንደምንመልስ እንድናውቅ ነው። በሩ ዝግ ከሆነ ዝግ ነው። ሚኒስትርም ይሁን የአለቃ ዘመድ። እንቢ የምንልበትን አነጋገር ጮክ ብለን ተለማመድን፤ ፈገግ ብሎ፣ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ፣ ወዲያው ሌላ የሚታይ ነገር አሳይቶ። ለእኔ የስልጠናው ትልቁ ክፍል ይሄ ነበር። ብዙ አሰልጣኝ ማስረዳት ያስተምራል። ቡድንን ከመንገድ መመለስ የሚያስተምር ግን እምብዛም ነው።

ቆጠራም አለ። ለልምምድ እርስ በርሳችን ጎብኚ ሆነን አንዱ እየመራን ገባን። ልጁ ስለ ኒውትሪኖ ሲያወራ፣ እውነት ለመናገር፣ ልብ ይሰርቃል። አሰልጣኛችን ከኋላ ሆነው አንዷን በጆሮዋ ሹክ አሏት። የጫማ ክሯን ለማሰር ጎንበስ አለች፤ የኬብል መደርደሪያው ጋረዳት። እኛ አለፍን። ሁለተኛው በር ላይ እሳቸው እጃቸውን አንስተው «ስንት ነን?» አሉ።

ዝም።

ከዚያ በኋላ አቆጣጠር አስተማሩን። ሰውን እንደ በግ በጣት እየጠቆሙ መቁጠር ነውር ነው፤ ጎብኚውም ይደብረዋል። ሄልሜት ቁጠሩ፣ ከንፈራችሁ ሳይንቀሳቀስ። በር ስታልፉ ቁጠሩ፣ ሊፍት ከመግባታችሁ በፊት ቁጠሩ፣ ከወጣችሁ በኋላ ቁጠሩ። ሁለተኛ አስጎብኚ ካለ ደጀን ይሁን፤ ከእሱ ኋላ ጎብኚ አይኖርም። ቁጥሩን ከመሬት በላይ ያለው ተቆጣጣሪም ይወቀው። ያ የኒውትሪኖ ልጅ ዛሬ ከሁላችንም ቀድሞ የሚቆጥረው እሱ ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ለሰው ያላቸውን ክብር ነው። ማግኔት ባለበት ቦታ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው አይገባም። ሲኤምኤስ የሚባለው ሌላው የሰርን ዲቴክተር ማግኔት 3.8 ቴስላ (የመግነጢስ ኃይል መለኪያ) ነው፤ የመሬት መግነጢሳዊ ኃይል ወደ 100,000 እጥፍ ይሆናል። ለእነዚህ መሣሪያዎች ጥንቃቄ የሚጀምረው ግን ገና በ0.5 ሚሊቴስላ ነው። ታዲያ ይህን እንዴት ትጠይቃለህ? ብዙ አስጎብኚ ሰው ሁሉ ፊት «የልብ ሕመምተኛ አለ?» ይላል። ማን እጁን ያወጣል? እሳቸው ጥያቄው ምዝገባ ላይ እንዲቀመጥ ያደርጋሉ። በጉብኝቱ ቀን ደግሞ ላይ፣ ገና ሳይወረድ፣ ለሁሉም እንዲህ ይባላል፦ «የልብ ወይም ሌላ የተገጠመ መሣሪያ ያለው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ወይም ዛሬ ብቻ ደስ ያላለው፣ ላይ ሌላ ዝግጅት አለን። ምክንያት መናገር አያስፈልግም።» በዚህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ስንቱ ሰው እፎይ እንደሚል ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። ሊፍቱ በር ላይ ከሚንቀጠቀጥ ላይ ሆኖ ቡና ቢጠጣ ይሻለዋል።

ጨረርን በተመለከተ ደግሞ «ምንም የለም» እንዳትሉ ብለውናል። ሰው ደረቱ ላይ የጨረር መለኪያ አንጠልጥላችሁለት ምንም የለም ብትሉት ማን ያምናችኋል? የሚገባው ማሽኑ ሲቆም እንደሆነ፣ አካባቢው እንደሚለካ፣ የተንጠለጠለው ነገርም ለማረጋገጫ እንደሆነ ንገሩት። በዓለም ላይ አንድ ሰው በአማካይ ከተፈጥሮ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ያህል እንደሚያገኝም ንገሩት፤ ማነጻጸሪያ ያገኛል። ዓለቱ ኮስሚክ ጨረርን ቢጋርድም ከራሱ ሬዶን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ማናፈሻው ሳያቋርጥ የሚሠራበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ይህን ሲሰማ ጎብኚው ይረጋጋል እንጂ አይደነግጥም።

እንከን የላቸውም አልልም። ሰዓት አያከብሩም፤ አራት ሰዓት ይፈጃል ያሉት ስልጠና ስድስት ሰዓትን ያልፋል። ቁጣቸውም ቀላል አይደለም፤ ስልኩን እያየ የተያዘ ሰልጣኝ የዕለቱ ምሳሌ ሆኖ ይውላል። የሚሰጡት ወረቀትም አንድ ገጽ ብቻ ነው። የተቀረውን ራሳችሁ ካልጻፋችሁ ጠፋ።

ልታስጠሯቸው የምታስቡ ካላችሁ ግን ይህን እወቁ። ቦታውን ራሳቸው ተዘዋውረው ሳያዩ አያሰለጥኑም። የድንገተኛ አደጋ ክፍላችሁ ሰው አብሮ እንዲቀመጥ ይጠይቃሉ፤ አስጎብኚዎቹና አዳኞቹ ካልተዋወቁ ሥራው ግማሽ ነው ይላሉ። የመውጣት ልምምዱን ደግሞ በስዕል አይቀበሉም። በእግር ነው፣ መብራት ጠፍቶም ጭምር።

እሳቸው ይህን ካነበቡት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ለምትጽፉልኝ ደግሞ፣ ጣቢያችሁ የሚጠቀመውን ጋዝና በአንድ ጊዜ የምታስገቡትን የሰው ቁጥር መልእክታችሁ ላይ አስገቡልኝ። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።