ሱሪናም ለመሄድ ላሰባችሁ፣ እኛን የያዘን ሹፌር

ይሄን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ከርሟል፤ ሥራና ብርድ ሲያላፋኝ ዛሬ ደረስኩ።

ባለፈው ጥቅምት እማዬን ይዤ ሱሪናም ሄጄ ነበር። «እዚያ ደግሞ ምን አለሽ?» ያላለኝ የለም። ሆላንድ፣ ሮተርዳም ስኖር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቶቼ ሱሪናሞች፣ የሥራ ባልደረቦቼ ግማሹ እንደዚያው፣ ሮቲ የሚሉትን ቂጣቸውን ይህን ሁሉ ዓመት በልቼ አገራቸውን አለማየት ከበደኝ። ከደቡብ አሜሪካ ነጻ አገሮች ትንሿ ናት፣ ሕዝቧ ከ600 ሺህ ብዙም አይበልጥ። እ.ኤ.አ. እስከ 1975 በሆላንድ ሥር ስለነበረች የመንግሥት ቋንቋው ደች ነው። ለኛ ግልግል።

መጀመሪያ አንድ የጉዞ ወኪል ቀብድ ተቀብሎኝ ድምፁን አጠፋ። ትቼለታለሁ (ውሸቴን ነው፣ አልተውኩም)። ያኔ ነው ጎረቤቴ ዋና ከተማዋ ፓራማሪቦ ያለ የአንድ ሹፌር ስልክ የሰጠችኝ። የራሱ ሚኒባስ አለው፣ ራሱ ያስጎበኛል።

እቅዴን ላኩለት። በአሥር ቀን ሱሪናም፣ ጋያና፣ የፈረንሳይ ጊያና፣ ጋሊቢ ሄዶ የባሕር ኤሊ ማየት፣ ብራውንስበርግ ተራራ መውጣት። በድምፅ መልእክት ሳቀብኝ። «እናትሽ ስንት ዓመታቸው ነው?» ሰባ አንድ፣ ጉልበቷንም ያማታል። ተራራው ተሰረዘ። ኤሊዎቹ እንቁላል ሊጥሉ የሚወጡት ከየካቲት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው፣ በጥቅምት ባዶ አሸዋ አሳይቼ ገንዘብሽን አልበላም አለኝ። ጎረቤት አገሮቹም ቀሩ። ልብ በሉ፣ የሰረዘው ሁሉ እሱ የሚከፈልበት ነበር። ወሩን ግን ወደደው፤ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ኅዳር ዋናው በጋቸው ነው።

ከአምስተርዳሙ ስኪፖል ዘጠኝ ሰዓት ያህል በረን ዛንደራይ አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ ቆሞ ጠበቀን፤ በእጁ ትንሽ የእንጨት በርጩማ ይዟል። ሚኒባሱ ከፍ ስለሚል ለእማዬ መርገጫ ነው። «ይሄን ልጅ ማን አሳደገው!» አለች። ከዚያ በኋላ በርጩማው የሄድንበት ሁሉ አብሮን ዞረ፣ ጀልባ ላይ ሳይቀር።

እማዬ የጽጌን ጾም ይዛ ነበር። ከህንድ የመጡ ሰዎች ልጆች ስለበዙ ድንችና ረጅሙ ፎሶሊያ ያለበት ሮቲ በየመንገዱ አለ፣ ችግሩ እንቁላል ጣል ያደርጉበታል። ሰውየውን አንድ ጊዜ ብቻ አስረዳሁት። ከዚያ በኋላ በየምግብ ቤቱ ቀድሞን ገብቶ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ሥጋ የለም ብሎ ያስጠነቅቃል፣ አንዷ ጋ እንዲያውም ድስቱን ከፍቶ አየ።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የቅዱስ ጴጥሮስና ጳውሎስ ካቴድራል በር ላይ የሆነው ነው። ግዙፍ የእንጨት ሕንጻ ነው፣ ውስጡ ቀለም አልነካውም። እማዬ እንደ ልማዷ ጫማዋን አወለቀች። በሩ ላይ ያለው ሰው ግራ ገብቶት ሲያያት፣ ሹፌራችን ምንም ሳይል ጎንበስ ብሎ የራሱን ማሰሪያ ፈታ። ሁለቱም በካልሲ ገቡ። እኔ ጫማ አድርጌ አፈርኩ።

በመጨረሻ ወደ ሳራማካዎቹ አገር ወሰደን። ቅድመ አያቶቻቸው ከባርነት አምልጠው ጫካ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1762 ደቾችን የሰላም ውል ያስፈረሙ ሰዎች ናቸው። አስፋልቱ ወንዙ ዳር፣ አትዮኒ ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ኮርያል የሚሏት ቀጭን የእንጨት ጀልባ ናት። አንዱ ከኋላ ሞተሩን ይይዛል፣ ሌላው ከፊት ቆሞ በረጅም ዘንግ ድንጋዩን እየገፋ ያሳልፋል። ውሃው ቀንሶ ነበርና የጀልባዋ ሆድ ድንጋይ በፈተገ ቁጥር እማዬ «እመቤቴ!» ትላለች። ስንመለስ እሱም «እመቤቴ» ማለት ለምዶ ነበር።

ጉድለት ካላችሁ፣ ሙዚቃ ከፍ ያደርጋል። ስትነግሩት ይቀንሳል፣ ከዚያ ይረሳል። ዋጋውም የመጨረሻው ርካሽ አይደለም፣ ግን የተነጋገርነው ላይ አንድ ሳንቲም አልጨመረም።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ስሙን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ለምኖኛል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አናግሩት። ቶሎ ካልመለሰ አትቀየሙት፣ ወንዙ ላይ ነው ማለት ነው፣ እዚያ ኔትወርክ ይጠፋል። ሁለት ቀን ጠብቁት።