ሃይዌይ 1ን በኪራይ መኪና ልትነዱ ካሰባችሁ፣ ባንኮኒው ላይ ሳትፈርሙ ይህን አንብቡ

እኔና ባለቤቴ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስተን በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ በሚያልፈው ሃይዌይ 1 አራት ቀን ነድተን ተመለስን። መኪናውን ኢንተርኔት ላይ በቀን 38 ዶላር አገኘነው፤ ግብሩ ተደምሮ 189 ዶላር ይላል። እሰይ ብለን ያዝን። በመጨረሻ ከካርዳችን የተቆረጠው 421 ዶላር ነው። መኪናው አልተጋጨም፣ አልተጫረም፣ አንድ ሰዓት እንኳ አላሳለፍንም።

232 ዶላሩ የተጨመረው ቁልፉን በተቀበልንባት አሥር ደቂቃ ውስጥ ነው። ከበረራ ወርደን፣ አንድ ሰዓት ተሰልፈን፣ ባንኮኒው ጋ ስንደርስ አንድ ትሁት ወጣት ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም ፈርም» አለኝ። ባለቤቴ «አንብበው እንጂ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ከኋላዬ የቆመው ሰው ሲተነፍስ እየተሰማኝ «ያው የተለመደው ነው» ብያት ፈረምኩ።

በጣም ያናደደኝ የቶሉ፣ ማለትም የድልድይና የመንገድ ማለፊያ ክፍያው፣ ነገር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ጎልደን ጌት ድልድይ ላይ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሰው እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የለም። ካሜራ ታርጋውን ያነሳል፣ ሒሳቡ ለመኪናው ባለቤት ይላካል። የኪራይ መኪና ሲሆን ባለቤቱ አከራዩ ነው። ልጁም ይህንኑ ይዞ «ድልድይ ብታልፉ ቅጣት ይመጣባችኋል፣ በዚህ ፓኬጅ ግን ሁሉም ተሸፍኗል» አለን። ያላለን ነገር፣ ክፍያው በቀን 12 ዶላር መሆኑን ነው። ያውም ቶል ላለፋችሁበት ቀን ብቻ ሳይሆን መኪናው እጃችሁ ላይ ለቆየበት ቀን በሙሉ። 48 ዶላር!

እኛ ድልድዩን የተሻገርነው በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ሶሳሊቶ ቁርስ በልተን ለመመለስ ብቻ ነው። ድልድዩ የሚያስከፍለው ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲገቡ ነው፤ ሲወጡ ነፃ ነው። ስለዚህ ዕዳችን አንዲት አሥር ዶላር ገደማ ነበረች። ከዚያ በሃፍ ሙን ቤይ፣ በሳንታ ክሩዝ፣ በሞንተሬይና በቢግ ሰር አድርገን ሳን ሲሚየን ድረስ ስንወርድ ሃይዌይ 1 ላይ አንድም የቶል ካሜራ አላየንም። የለማ! ፔብል ቢች ውስጥ ያለው 17 ማይል ድራይቭ የሚባለው መንገድ ያስከፍላል፤ እሱ ግን የግል መንገድ ስለሆነ በሩ ላይ ለብቻው ነው የሚከፈለው። ጎልደን ጌትን ሳትሻገሩ ከሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ በቀጥታ ወደ ደቡብ የምትወርዱ ከሆነ ፓኬጁን የምትገዙት ለምንም ነው።

የእኛ ሞኝነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ዐቃቤ ሕግ በዚሁ ድልድይ ቶል ምክንያት ደንበኞችን ሳያስረዳ ያስከፍላል ያለውን አንድ ትልቅ አከራይ ድርጅት ከሶ፣ ጉዳዩ በ2019 በ3.65 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ነው የተዘጋው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ድልድዩ የራሱ ድረ ገጽ አለው። የታርጋውን ቁጥር አስገብታችሁ፣ ከመሻገራችሁ በፊት ባሉት 30 ቀናት ወይም ከተሻገራችሁ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ ራሳችሁ መክፈል ትችላላችሁ። «48 ሰዓት አለኝ» ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ከካርሜል አልፋችሁ ቢግ ሰር ውስጥ ከገባችሁ አብዛኛው መንገድ ኔትወርክ የለውም፤ እኛም ስልካችንን እንደ ካሜራ ብቻ ነው የተጠቀምንበት። ቁልፉን እንደተቀበላችሁ መኪና ማቆሚያው ውስጥ እንዳላችሁ ክፈሉ። ደረሰኙን አስቀምጡ። የመኪናው መስታወት ላይ ቶል የምታስመዘግብ ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን ካለች ደግሞ አትንኳት፤ በብዙ አከራዮች ዘንድ ክዳኗን መክፈት ፓኬጁን እንደመቀበል ይቆጠራል።

ኢንሹራንሱ በቀን 29፣ ለአራት ቀን 116 ዶላር። «የራሳችን የመኪና ኢንሹራንስ አለን» ስንለው ልጁ ፊቱን ቋጠር አድርጎ «ለኪራይ መኪና መሥራቱን እርግጠኛ ናችሁ?» አለን። አልነበርንም። አለመሆናችንን አይቶ ነው የሸጠልን። ቤት ገብተን ኢንሹራንሳችን ጋ ስንደውል የግጭት ሽፋናችን ለኪራይ መኪናም እንደሚሠራ ነገሩን። ባለቤቴ ስልኩን ሳትዘጋ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ብላ ጀመረች፤ ቀሪውን አልጨረሰችውም፣ እኔም አላስጨረስኳትም። ከመጓዛችሁ በፊት ያቺን አንዲት ስልክ ደውሉ። በክሬዲት ካርዳችሁ ሽፋን የምትተማመኑ ከሆነም አብዛኛዎቹ ካርዶች የሚሸፍኑት ኪራዩን በሙሉ በዚያው ካርድ ከፍላችሁ፣ የአከራዩን ሽፋን ደግሞ አልፈልግም ካላችሁ ብቻ ነው። ሁለቱንም ልያዝ ካላችሁ የካርዱን ታጣላችሁ።

68 ዶላሩ አስቀድሞ የተከፈለ ነዳጅ ነው። ሙሉ ታንክ ትገዛላችሁ፣ ስትመልሱ የተረፈው የእነሱ ነው። እኛ ቢግ ሰር ውስጥ ቤንዚን ውድ ነው ሲባል ሰምተን ካርሜል ላይ ሞላን፤ መኪናውን ስንመልስ ታንኩ ከግማሽ በላይ ነበር። በዚህ ማንንም አልወቅስም።

ስለ መንገዱ ውበት ሌሎች ብዙ ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1932 የተጠናቀቀው የቢክስቢ ድልድይ ከሸለቆው 79 ሜትር ከፍ ብሎ ቆሟል፣ ማክዌይ ፏፏቴ አሸዋው ላይ ይወርዳል፤ ሁለቱንም እዩ። ከድልድዩ አጠገብ ግን ወደ ተራራው የሚታጠፍ ኦልድ ኮስት ሮድ የሚባል አሮጌ መንገድ አለ። ሁሉም ሰው ፎቶ የሚነሳበት አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ገባ ልበል ያሰኛል። አትግቡ፤ አስፋልት አይደለም። ውላችን ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያነበብኩት ከተመለስን በኋላ ነው፤ አስፋልት በሌለው መንገድ ላይ ለደረሰ ጉዳት የገዛነው ሽፋን አይሠራም ይላል። 116 ዶላር የከፈልንበት ማለት ነው።

ማደሪያም ስትይዙ ገንዘብ የማይመልሰውን ርካሹን አትምረጡ። ይህ መንገድ ይናዳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 መድ ክሪክ ላይ ተራራው ወርዶበት እስከ ሐምሌ 2018 ተዘግቶ ነበር፤ በጥር 2021 ደግሞ ራት ክሪክ ላይ ጎርፍ አስፋልቱን ጠርጎት ሄዷል። መዘጋቱንና መከፈቱን የክፍለ ግዛቱ መንገድ መሥሪያ ቤት፣ ካልትራንስ፣ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል።

አሁን ያለንበትን ልንገራችሁ። የቶሉ ፓኬጅ ዋጋ ፈርሜበታለሁ በተባለው ገጽ ላይ ስላልተጻፈ 48ቱን ዶላር በባንካችን በኩል ተከራክረን መልስ እየጠበቅን ነው። የኢንሹራንሱና የነዳጁ ዋጋ ግን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፣ ሥሩም የእኔ ፊርማ አለ። እርም ብለናል።