ለጥምቀት እንግዶች የገዛሁት «300 አዲስ ፊልም»

በዓል ሲቃረብ ቤቱን ለእንግዳ የሚያሰናዳ የጎንደር ሰው ሁሉ ይህን ጽሑፍ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቢያነበው እወዳለሁ። ጉዳዩ በከተማችን በአንዳንድ የሞባይል ዕቃ መሸጫዎች «የዘንድሮ አዳዲስ ፊልሞች» እየተባለ ተጭኖ የሚሸጠው ፍላሽ ነው። እኔ በታኅሣሥ መጨረሻ ከአንድ ሱቅ እንዲህ ያለውን ፍላሽ በ1,800 ብር ገዛሁ። በላዩ 512 ጊጋባይት የሚል ጽሑፍ አለው፤ ሻጩም 300 ፊልም እንደተጫነበት ነግሮኝ የስም ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በኮምፒውተሩ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ሁሉም የዘንድሮ ነው፤ ውጭ አገር ሲኒማ ቤት ገና እየታየ ያለው ሳይቀር እኛ ጋ ጥርት ብሎ አለ» አለኝ። ከዝርዝሩ መጀመሪያ ያለውን አንዱን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ ያህል አሳየኝ፤ ምስሉ ንጹሕ ስለነበረ ከፍዬ ወጣሁ። ያ ንግግሩ ራሱ ማስጠንቀቂያ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የቃና ዘገሊላ ዕለት የሚካኤልን ታቦት አስገብተን ስንመለስ ቤቱ ከደባትና ከአዘዞ በመጡ ዘመዶች ሞልቶ ነበር። ቡና ተፈልቶ፣ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው፣ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ሦስት መቶው ስም በሙሉ ወጣ። የመጀመሪያውን የመረጡት ልጆቹ ነበሩ፤ ምስሉ የጨለመና ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ሆኖ፣ በመካከሉ የአንድ ሰው ጥላ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያልፍ ታየ፤ የተዋንያኑን ድምፅ ደግሞ የማናውቃቸው ተመልካቾች ሳቅና ሳል ይሸፍነው ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ፈጽሞ አልከፈት አሉ። በእንግዶቼ ፊት ምን ያህል እንዳፈርሁ መግለጽ ያስቸግረኛል፤ በዓመት አንድ ቀን የሚሰበሰብ ቤተሰብ አንድ ሰዓት ሙሉ ሪሞት ሲነካካ አየሁት።

በማግስቱ ከወንድሜ ልጅ ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን እያንዳንዱን ፋይል ሞከርን። ከ300ው የተከፈቱት 18 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 11ዱ ሲኒማ ቤት ውስጥ ተደብቆ በተያዘ ካሜራ የተቀረጹ ናቸው። 4ቱ ደግሞ የአዲስ ፊልም ስም የተለጠፈባቸው የቆዩ ፊልሞች ሆነው ተገኙ። በስማቸውም በጥራታቸውም ትክክለኛ የነበሩት 3 ብቻ ሲሆኑ፣ ከሦስቱ አንዱ ሻጩ ሱቁ ውስጥ የከፈተልኝ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደህና ፊልም 600 ብር ከፍያለሁ ማለት ነው።

በመጀመሪያ የፍላሹን ነገር ላስረዳ፤ ፊልም ባትገዙበትም ይህ ማታለያ ፎቶግራፋችሁንና ሰነዳችሁን ሊያጠፋባችሁ ይችላልና። በፍላሽ ውስጥ መረጃ የሚቀመጥበት ክፍል አለ፤ የመያዝ አቅሙን ለኮምፒውተሩ የሚነግር ሌላ መቆጣጠሪያ ክፍልም አለ። አታላዮች ይህን መቆጣጠሪያ እንዲዋሽ አድርገው ያስተካክሉታል፤ 32 ጊጋባይት ብቻ የሚይዘው ዕቃ «512 ነኝ» ይላል፣ ኮምፒውተሩም ያምነዋል። ከ32 በላይ የሚጫነው ሁሉ ወይ ይጠፋል፣ ወይ ቀደም ሲል በተጫነው ላይ ይጻፋል። የፋይሎቹ ስም የሚመዘገበው ግን በፍላሹ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ፣ ይዘቱ የሌለ ፊልም ስሙ ሳይጎድል ይታያል። ሂሳቡን ብትሠሩት ነገሩ ቁልጭ ይላል፦ ጥራት ያለው የሁለት ሰዓት ፊልም 1.7 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይፈልጋል ብንል፣ 300ው ፊልም 510 ጊጋባይት ይሞላል፤ ይህም በላዩ ከተጻፈው ጋር ስለሚገጥም አያጠራጥርም። 32ን ለ1.7 ብታካፍሉት ግን 18 ሙሉ ፊልም ብቻ ነው የሚደርሳችሁ። የእኔም የተከፈቱት 18 ነበሩ።

ሻጩ የከፈተልኝ ከዝርዝሩ ራስ ላይ ያለውን መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መጀመሪያ የተጫነው አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ከዝርዝሩ መካከልና ከመጨረሻው ራሳችሁ መርጣችሁ እንዲከፈትላችሁ ጠይቁ፤ ሲከፈትም መጀመሪያውን ብቻ አይታችሁ አትርኩ፣ ወደ ፊልሙ አጋማሽና ወደ ፍጻሜው አሳልፉት። ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች ደግሞ «ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ» (H2testw) የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን እስኪሞላ ድረስ ጽፎበት መልሶ በማንበብ እውነተኛውን አቅም ይነግራችኋል። ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ ባዶ ፍላሽም ይፈልጋል፤ ቢሆንም የሠርግ ወይም የክርስትና ቪዲዮ የምታስቀምጡበት ከሆነ ሰዓቱን መስጠት ይገባል።

አሁን ወደ ሻጩ ንግግር ልመለስ። «ሲኒማ ቤት ገና እየታየ ያለው ጥርት ብሎ አለ» የሚለው አባባል እርስ በርሱ የሚጣላ ነው። በዛሬው ጊዜ አዲስ ፊልም ወደ ሲኒማ ቤቶች የሚላከው በዲጂታል መልክ ተቆልፎ ነው፤ መክፈቻ ቁልፉም ለዚያ ሲኒማ ቤት መሣሪያና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ሆኖ የሚሰጥ ነው። በመሆኑም ፊልሙ በኢንተርኔት ወይም በዲስክ ለቤት ተመልካች ሳይለቀቅ በፊት በየሱቁ የሚዞረው ቅጂ ባብዛኛው ከመቀመጫ ላይ ሆኖ በካሜራ የተቀረጸው ነው። ሸራው ከጎን ስለሚቀረጽ ምስሉ ያዘማል፣ ዳርና ዳሩ ይቆረጣል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ድምፁም የአዳራሹን ማስተጋባት ይዞ ይመጣል። በፋይሉ ስም ላይ ከፍተኛ ጥራትን የሚያመለክተው «1080» መጻፉ ምንም አይለውጥም፤ ደብዛዛን ምስል በመጠን ማሳደግ ጥራት አይጨምርለትም። አዲስነቱን ብለን የምንከፍልለት ዕቃ የሚበላሽብን በዚያው በአዲስነቱ ምክንያት ነው፤ በዚህ ንግድ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲታወቅልኝ የምፈልገው ይህ ነው።

ከዚህ ሌላ ከዝርዝሩ ውስጥ ሁለቱ ፋይሎች በስማቸው መጨረሻ «ኢኤክስኢ» (.exe) የሚል ቅጥያ ነበራቸው። ፊልም እንዲህ ያለ ቅጥያ የለውም፤ ይህ የፕሮግራም ምልክት ስለሆነ በኮምፒውተር ላይ ፈጽሞ አትክፈቱት፣ ቫይረስ ሊሆን ይችላልና።

የጥምቀቱ ምሽት እንዴት እንዳለፈ ሳልናገር ብቀር ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። ሁሉም ተስፋ ቆርጦ ሊበተን ሲል ወንድሜ ከዓመታት በፊት ከውጭ አገር ገዝቶ ያመጣልኝ የ«ጤዛ» ዲስክ ከመደርደሪያው ላይ ትዝ አለኝ። ይህ የኃይሌ ገሪማ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት ወስዷል። በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ በደርግ ዘመን መጨረሻ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚመለሰውን የአንበርብርን ታሪክ ይተርካል። ወጣቶች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ የሚደበቁበት ቦታ ላይ ሲደርስ ከደባት የመጡት አክስቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ይኸውላችሁ፣ ታላቅ ወንድማችሁን እኛም እንዲህ ነበር የደበቅነው» አሉ። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ስለዚያ ጊዜ ተናግረው አያውቁም። ልጆቹ ስልካቸውን ትተው እሳቸውን ማዳመጥ ጀመሩ፤ ፊልሙን ብዙ ጊዜ እያቆምን ስላስተረክናቸው የጨረስነው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፦ ገንዘባችሁን ለዘንድሮ ፊልም ከምታወጡ የቆየውን ፈልጉ። የቆየ ፊልም የታወቀ ዕቃ ነው፤ ያየው ሰው ስላለ ጠይቆ መረዳት ይቻላል፣ ስሙን ለውጦ ማታለልም ይከብዳል። ጥራቱም ቢሆን ከሚታሰበው በላይ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ የተቀረጸ ሥራ ኔጋቲቩ በደህና ከተቀመጠ ዛሬ በዲጂታል መሣሪያ ተነብቦ እጅግ የጠራ ምስል ይሰጣል። አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት መናገር አለብኝ፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቪዲዮ ካሜራ የተሠሩት የአማርኛ ፊልሞቻችን ከመነሻቸው የምስል ጥራታቸው ውስን ስለሆነ፣ «ታድሶ ጠርቷል» የሚላችሁ ሻጭ ካለ አትመኑት። እነሱን ለታሪካቸውና ለትወናቸው እዩአቸው።

ለጎንደር ሰው ከኃይሌ ገሪማ መጀመር ተገቢ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1946 እዚሁ ጎንደር የተወለደ ሲሆን፣ አባቱ ቲያትር እየጻፉ በየአገሩ እየዞሩ ያሳዩ የነበሩ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም ነው፤ ለባለርስት የሚያርስ የአንድ ገበሬ ቤተሰብን ኑሮ፣ መሬቱን ተነጥቆ እንደ እብድ የሚቆጠር ከበበ የተባለ ሰው ንግግርንም ያሳያል። የሙያ ተዋንያን ባልሆኑ ሰዎች በመሠራቱ አርሶ አደሩ ሞፈር ሲሸከም ሸክሙ የእውነት ነው። ፊልሙ ዝግ ያለ ነው፤ ለቸኮለ ሰው አይሆንም፤ በገጠር ያደጉ ወላጆች ያሉት ቤት ግን ከወላጆቹ ጋር ቢያየው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ብዙ ወሬ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ» ስለ ባርነት ሲሆን፣ በአሜሪካ አከፋፋይ በማጣቱ ኃይሌና ባልደረቦቹ ራሳቸው በየከተማው አዳራሽ እየተከራዩ አሳይተውታል። ለልጆች ግን ከባድ ስለሆነ ለአዋቂ ብቻ አድርጉት።

«ሂሩት አባቷ ማን ነው» የተባለው በ1957 ዓ.ም. የተሠራ የመጀመሪያው የአገራችን ረጅም ፊልም፣ ከእሱ በኋላ የመጣው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ም ካገኛችኋቸው አትለፏቸው። ትንንሽ ልጆችና አማርኛ ብቻ የሚያውቁ አያቶች አብረው ለሚቀመጡበት ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው የቻርሊ ቻፕሊን «ልጁ» አለ፤ ድምፅ አልባ ስለሆነ ትርጉም አያስፈልገውም፣ ርዝመቱም አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሮም ላይ የተሠራው «የብስክሌት ሌቦች» በብስክሌቱ ሥራ ያገኘ ሰው በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱን ሲሰረቅና ከልጁ ጋር ሲፈልግ የሚያሳይ ነው። ባጃጁ ወይም ሞተሩ የተሰረቀበት ጎረቤት ያለው ሰው ይህን ፊልም ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

እነዚህን የት ታገኛላችሁ ለሚለው፣ የብዙ የቆዩ የአማርኛ ፊልሞች ባለቤቶች ሥራቸውን ራሳቸው በዩቲዩብ ስለጫኑ በነፃና በሕጋዊ መንገድ ማየት ይቻላል፤ ሌሎቹን ከሕጋዊ አከፋፋይ ወይም ውጭ አገር ባለ ዘመድ በኩል ማስመጣት ይሻላል። እኔም በገዛሁት ፍላሽ ውስጥ የራሴ ጥፋት እንዳለበት አምናለሁ። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተባዛ ፊልም መሸጥ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ የገዛ ሰውም ሲታለል ደፍሮ አቤት ለማለት ይቸገራል፤ ሻጩም በዚሁ ይተማመናል። ፍላሹ ራሱ ግን ሕጋዊ ዕቃ ነው። ለሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት እንደሚገባው በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል፤ 32 ጊጋባይት የሚይዘውን 512 ብሎ መሸጥ ይህን መብት የሚጥስ ነው። ስለዚህ ስትገዙ የፍላሹን መጠንና ዋጋ የሚጠቅስ ደረሰኝ ያዙ።

እኔ ደረሰኝ አልያዝሁም ነበር። ወደ ሱቁ ተመልሼ ስነግረው ሻጩ «እኛም እንደመጣልን ነው የሸጥነው» ብሎ 500 ብር ብቻ ሊመልስልኝ ፈቀደ፤ አልተቀበልሁትም፣ የጽሑፍ ማመልከቻም እያዘጋጀሁ ነው። ይህንኑ ዓይነት ፍላሽ የገዛችሁ ካላችሁ እስክታመለክቱ ድረስ ፎርማት አታድርጉት፣ ምንም ፋይልም አትጨምሩበት፤ የተከፈቱትንና ያልተከፈቱትን ፋይሎች በወረቀት መዝግቡ፣ ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፣ ወደ ሱቁም ስትመለሱ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አክስቴ ትናንት ከደባት ደውለው «ያ የኛ አገር ልጅ ሌላም ሠርቷል ብለኸኝ ነበር» ስላሉኝ፣ ለፋሲካ ሲመጡ የምናየውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ወንድሜ እንዲገዛልኝ አዝዣለሁ።