ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ለኪራይ ሥራ ያዋጣል?

ለሠርግም ለለቅሶም የሚከራየው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ቀላል ነው፤ ተደራርቦ ስለሚጫን የመኪና ወጪ ይቀንሳል። ለጀማሪ አከራይ ከብረቱ ይሻላል። ጣጣው እግሩ ላይ ነው። የኋላ እግሩና መቀመጫው የሚገናኙበት ቦታ መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታወጣለች፤ እንግዳው ወደ ኋላ ለጠጥ ሲል ቀሽ! ሲገዙ መደገፊያውን ጫን አድርገው ይሞክሩት፤ ከተልመጠመጠ ይተዉት። ፀሐይ ላይ የከረመ ደግሞ ይደርቃል፤ ሲዳስሱት እጅ ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረ ለኪራይ አይወጣም። የወጥ ቅባት ሳያድር በሳሙናና በለስላሳ ስፖንጅ ይታጠብ። በሽቦ መፈግፈግ ጭረት ያበጃል፤ ጭረቱም እድፍ ይይዛል። ሲመለስ ቆጥሮ መረከብ ብቻ አይበቃም፤ አንድ በአንድ ነጥሎ ማየት ያስፈልጋል። የተሰበረው መቼም ከላይ አይቀመጥም፣ መሃል ላይ ተሸጉጦ ነው የሚመጣው።